ታሪክን ወሎ ላይ በዲግሪ መማር፦ አራት ዓመት ያወጣል?

ዲፓርትመንት ሲመረጥ ታሪክ ከቅጹ ግርጌ የሚገባው «ምን ሥራ ያስይዛል?» እየተባለ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ወደ ኋላ ላይ እናመጣዋለን። መጀመሪያ ግን ወሎ ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ታሪክ የደረሰው ተማሪ እጁ የገባውን ይወቅ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ አምባሰል ውስጥ ነው። አጼ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ቦሩ ሜዳ ከደሴ ቅርብ ነው። መቅደላ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ጀማ ንጉሥ፣ ላሊበላ ሁሉም እዚሁ ናቸው። ይህን ሁሉ ትቶ አራቱን ዓመት በሃንድአውት የሚጨርስ ተማሪ ትምህርቱን በግማሽ ወስዶ ነው የሚመረቀው።

ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ሰፊ ነው፦ የኢትዮጵያ ታሪክ በዘመን ተከፋፍሎ፣ አፍሪካ፣ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ የታሪክ አጻጻፍ፣ የምርምር ዘዴ፣ ቅርስ አያያዝ። አንደኛ ዓመት ላይ ያለው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለሁሉም ፍሬሽማን የሚሰጥ ስለሆነ በእሱ ብቻ ትምህርቱን አትመዝኑት። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የሚከብደው ንባቡ ነው፤ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። 12ኛ ክፍል ላይ ዓመተ ምሕረት ሸምድዶ የለመደ ተማሪ «ለምን?» የሚል የድርሰት ጥያቄ ሲመጣበት የሚጽፈው ያጥረዋል። መድኃኒቱ ለሚነበበው ምዕራፍ ሁሉ አንድ ገጽ ማስታወሻ መያዝ ነው፦ ጸሐፊው የሚከራከረው ምን ብሎ ነው? ማስረጃው ምንድን ነው? ከማን ጋር ነው የማይስማማው? እነዚህን ሦስቱን የመለሰ ተማሪ ለፈተና ሰሞን ምንም አይቀረውም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ሲሆን ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ችግሩ ፈተናው ከሲኒየር ኤሴይ (ከመመረቂያው ጥናታዊ ጽሑፍ) ጋር አንድ ሰሞን ላይ መገጣጠሙ ነው። ተማሪው ፈተናውን ፈርቶ ጽሑፉን ከቆየ ወረቀት ገልብጦ ያስረክባል፤ በዚህም የዲግሪውን ምርጥ ክፍል ይጥላል። የመስክ ሥራው ከመጨረሻው ሴሚስተር በፊት ካለቀ ሁለቱም ይደርሳሉ።

በእኛ ግምት የዚህ ትምህርት ዋጋ ያለው ሲኒየር ኤሴዩ ላይ ነው፤ ብዙው ነገር የሚበላሸውም እዚያው ነው።

ርዕስ ላይ እንጀምር። «የደሴ ታሪክ ከምሥረታዋ እስከ ደርግ» ለዶክትሬትም ይበዛል። «የደሴ ማዘጋጃ ቤት ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም.» ግን ይያዛል፤ አንድ ተቋም፣ አንድ ቦታ፣ መጀመሪያና መጨረሻው የታወቀ ዘመን ነው። የባቲ ገበያ፣ አንድ መስጊድና ደረሶቹ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ መንገድም እንዲሁ ያዋጣሉ። ርዕሱን ለአድቫይዘር ከማቅረባችሁ በፊት ሰነድ ያለበት ቢሮና ነገሩን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች መኖራቸውን አረጋግጡ። ሁለቱም ከሌሉ ርዕሱን ቀይሩት።

ሰነድ ፍለጋ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዛሬው አስተዳደር ስም ሲፈልግ ነው። በድሮ ፋይል «ሰሜን ወሎ ዞን» የሚባል የለም። የምታገኙት የጁ፣ ላስታ፣ ራያና ቆቦ፣ ዋድላ ደላንታ እየተባለ በአውራጃ የተቀመጠውን ነው። ወደ ደቡብ ስትመጡ አምባሰል፣ ቃሉ፣ ቦረና፣ ወረኢሉ፣ ወረሂመኑ ይሆናል። ከአብዮቱ በፊት «ጠቅላይ ግዛት»፣ ከዚያ ወዲህ «ክፍለ ሀገር» የሚለው መጠሪያም መዝገቡን ይለያል። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከመሄዳችሁ በፊት የምትሠሩበት ቀበሌ በየትኛው አውራጃ ሥር እንደነበረ ጠይቁ፤ አለዚያ የመንገድና የአልጋ ገንዘባችሁ በከንቱ ያልቃል።

የቀን አቆጣጠር ወሎ ላይ ከሌላው አገር ይልቅ ያስቸግራል፤ አንድ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት፣ የፈረንጅና ሂጅራ ይቀላቀላሉና። ትልቁ ስሕተት ሂጅራ ላይ 622 ደምሮ የፈረንጅ ዓመት አገኘሁ ማለት ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ልዩነቱ በየዘመኑ ይጠብባል። አንድ ሼህ በ1300 ሂጅራ ሞቱ ከተባለ ዓመቱ የገባው ኖቬምበር 1882፣ ማለትም ኅዳር 1875 ዓ.ም. ነው። 622 የደመረ ተማሪ 1922 ላይ ያርፋል፤ ሼሁን 40 ዓመት ያቆያቸዋል። ለመጀመሪያ ግምት የሂጅራውን ዓመት በ0.97 አባዝቶ 622 መደመር ይበቃል፤ ለትክክለኛው ቀን ግን ሰንጠረዥ ማየት የግድ ነው።

ስልክ ላይ ያለ የቀን መለወጫም አይታመንም። የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ የዓድዋው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ቀን ስላላደረጉት ከዚያ ወዲህ የአንድ ቀን ልዩነት ተጨምሯል። የዛሬውን ልዩነት ወደ ኋላ የሚወስድ መለወጫ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቀን ሁሉ በአንድ ያሳስታል። ዘመነ ወንጌላዊ የተጻፈበት ሰነድ ካገኛችሁ ደግሞ ማረጋገጫ አላችሁ፦ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 1881 ሲሰላ ማቴዎስ ይሆናል። ሰነዱ ሌላ ወንጌላዊ የሚል ከሆነ አንዱ ቁጥር ተሳስቷል ማለት ነው።

ቃለ መጠይቅ የወሎ ተማሪ ሀብት ነው፤ ሰዉ ተናጋሪ ነው፣ እንግዳም ያከብራል። ቢሆንም የዲፓርትመንቱን የድጋፍ ደብዳቤ ሳይዙና ቀበሌ ሳያሳዩ መሄድ ሽማግሌውንም ተማሪውንም ያስጠረጥራል። ዓርብ ከጁምዓ በፊት፣ ሮመዳን ከሰዓት በኋላ፣ ባቲ ከሆነ ሰኞ የገበያ ቀን ሰው አታስቸግሩ። ዕድሜ ስትጠይቁ ቁጥሩን ብቻ አትቀበሉ፤ «ጣልያን ሲገባ የት ነበሩ?»፣ «በ66ቱ ድርቅ ልጅ ወልደው ነበር?»፣ «ሰባ ሰባት ላይስ?» ብላችሁ አገናኙ። ዛሬ 80 ዓመት የሆናቸው አባት ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ገና አልተወለዱም። ስለ ወረራው የሚነግሯችሁ ከአባታቸው የሰሙትን ነው፤ ግርጌ ማስታወሻው ላይም እንደዚያው መጻፍ አለበት። በቡድን የተጠየቁ ሰዎች አንዱን ታላቅ እየሰሙ ይስማማሉ፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለቱን ለብቻ ለብቻ ጠይቁ። የተጠያቂዎች ሠንጠረዥ ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ቀንና ስለ ሰውዬው አጭር አስተያየት ይዟል፤ «አስተያየት» የሚለውን ዓምድ ባዶ ትቶ ማስረከብ ነጥብ ያስቆርጣል፣ ይገባዋልም።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ ርዕሱን የሚተዉ ተማሪዎች አሉ፤ መተው አያስፈልግም። የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ተብሎ የሚታወቀው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ብራና በማይክሮፊልም ተነሥቷል፤ በኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ስብስብ (ኢኤምኤምኤል) ቁጥሩ 1832 ነው። ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ንባብ ክፍሉ እንዲህ ያሉ ቅጂዎችን በነፃ ምዝገባ ያሳያል። ግዕዝ ለማያነብ ተማሪ ግን ብራና አንመክርም፤ አንድ የሰፈር መሪጌታ መፈለግ ይቀድማል።

ወደ ጽሕፈቱ ስንመጣ፣ የኢትዮጵያ ሰው ስም በዋቢ ዝርዝር የሚሰለፈው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ አይደለም፤ የማጣቀሻ ሶፍትዌር ግን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፣ በእጅ ማስተካከል ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የተጠያቂውን ቁልፍ ቃል በአማርኛው፣ በኦሮምኛው ወይም በአርጎብኛው ግርጌ ላይ አስፍሩት። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የምትወስዱት ፋይል ፒዲኤፍ ይሁን። ዩኒኮድ ባልሆነ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል፤ የግርጌ ማስታወሻውም ገጽ ይዘላል። ፍላሽ ላይ ያለውን ብቸኛ ኮፒ ይዞ መሄድም የስንቱን ድካም ለቫይረስ አስበልቷል።

ስለ ሥራው በግልጽ እንናገር፦ በታሪክ ዲግሪ ብቻ ቶሎ ሥራ መያዝ ከባድ ነው። ለማስተማር የመምህርነት ዲፕሎማ መጨመር ያስፈልጋል። ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ሙዚየም፣ አስጎብኚነት ሌሎቹ በሮች ናቸው፤ እነዚህ ላይ እንግሊዝኛውና የመስክ ልምዱ ነው የሚታየው። ቶሎ ደመወዝ ለሚያስፈልገው ቤተሰብ ይህን ዲፓርትመንት አንደኛ ምርጫ አድርጉ አንልም። ማንበብ ለሚወድና ሰው ለማናገር ለማያፍር ግን ወሎን የሚያህል የመማሪያ ቦታ ማግኘት ይቸግራል።

አንድ ነገር ቀርቷል። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፣ በየወረዳው ቢሮ የነበረ ፋይልም ጠፍቷል። ያለቀውን ጽሑፍ ለዲፓርትመንቱ ብቻ ሰጥታችሁ አትቅሩ፤ አንድ ኮፒ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ የድምፅ ቅጂውን ለተጠያቂዎቹ ልጆች፣ ፎቶ ያነሣችሁትን ሰነድ ደግሞ ለሰጣችሁ ቢሮ መልሱ። ቢሮው ዋናው ከጠፋበት ያ ፎቶ ያለው ብቸኛ ሰነድ ሊሆን ይችላል።