ኩኩን ላሰለጠነችልን የወፍ አሰልጣኝ ምስጋና፣ በቀቀን ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። በቀቀን የምታሳድጉ፣ በተለይ «ወፌ ብልህ ነው፣ ግን ስጠይቀው አይሰራም» የምትሉ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ዋናው ዓላማዬ ግን ማመስገን ነው። አንዲት የወፍ አሰልጣኝ ለቤታችን ያደረገችውን በአፍ ብቻ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ኩኩ ጅራቱ ቀይ የሆነው ግራጫ የአፍሪካ በቀቀን ነው። ሲመቸው ይሽከረከራል፣ እግሩን ያነሳል፣ ያፏጫል። ሲጠየቅ ግን ጭጭ። እንግዳ ከመጣማ ጀርባውን ይሰጣል። እኛ የፈለግነው ሦስት ነገር ነበር፦ «ሰላም» ሲባል እግሩን እንዲያውለበልብ፣ «ዙር» ሲባል አንድ ዙር እንዲዞር፣ ቀለበት ሲሰጠው ደግሞ ወስዶ ቋሚ እንጨት ላይ እንዲያጠልቅ።

ከእሷ በፊት ሌላ ሰው አነጋግረን ነበር። ምክሩ «ምግብ ከልክሉት፣ ሲርበው ይታዘዛል» የሚል ነው። አልተስማማንም፣ እዚያው ተለያየን። እሷ ስትመጣ መጀመሪያ ያነሳችው ስለ ትርዒት አይደለም። ሐኪም አይቶታል ወይ? ስንት ሰዓት ይተኛል? ምን ይበላል? ከየት ነው የመጣው? ኬጁ ከወጥ ቤት ምን ያህል ይርቃል? የመጨረሻውን ለምን እንደጠየቀች ስትነግረን፣ የማይጣበቅ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ወፍን በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል አለች። ይህንን ያላወቃችሁ ዛሬውኑ እወቁት። ከዚያ ኩኩን ሳትነካ ቁጭ ብላ ስታየው ቆየች።

ሽልማቱን የመረጠው ራሱ ኩኩ ነው። የሚወዳቸውን ነገሮች ጥቂት ጥቂት አድርገን አቀረብንለትና የትኛውን ቀድሞ እንደሚያነሳ አየን። የሱፍ ፍሬ ሆነ። ስለዚህ ሱፍ ከምግብ ሳህኑ ወጣና ለሥልጠና ብቻ ተቀመጠ፣ ሌላው ምግቡ ግን አንድም አልተነካበትም። ሱፍ ቅባት ስለሚበዛበት በየጊዜው የሚሰጠው በጣም ትንሽ ነው።

ቀጥሎ ክሊከር መጣ። ሲጫኑት «ቀጭ» የሚል ትንሽ ዕቃ ነው። በመጀመሪያ ምንም ሳይጠየቅ ቀጭ፣ ወዲያው ሱፍ፣ ቀጭ፣ ሱፍ። ድምፁ «ያደረግከው ልክ ነው፣ ሱፍህ እየመጣ ነው» ማለት መሆኑ እስኪገባው ድረስ ሌላ ነገር አልተጠየቀም። ይህ ለምን አስፈለገ? ወፉ እግሩን የሚያነሳው ለቅጽበት ነው። ሱፉን እስክታቀብሉት ድረስ እግሩን አውርዶ፣ ዞሮ፣ ላባውን ማበጠር ጀምሯል፣ ታዲያ የተሸለመው በየትኛው ነው? ክሊከሩ ያችን ቅጽበት ይይዝላችኋል። ዘዴው የትናንት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ እንስሳትን በዚህ መንገድ ያሰለጥኑ ነበር።

ከዚያ ቀጭን እንጨት። ኩኩ ጫፉን በመንቁሩ ነካ ሲያደርግ ቀጭ፣ ሱፍ። እንጨቱን መከተል ከለመደ በኋላ «ዙር» ማስተማር ቀላል ሆነ። መጀመሪያ ሩብ ዙር፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ በመጨረሻ ሙሉ። «ሰላም» የተወለደው ደግሞ ጣት ላይ ለመውጣት እግሩን ከሚያነሳበት ልማድ ነው። ጣቷን ታቀርባለች፣ እግሩ ሲነሳ ጣቷን ትንሽ ታርቃለች፣ እግሩ አየር ላይ እንዳለ ቀጭ! ማንም እግሩን ይዞ አላነሳለትም። ቀለበቱ ግን አስቸገረ፣ ምክንያቱም ኩኩ ከማጥለቅ ይልቅ መወርወሩን ወዶታል። እሷ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጣ በመጀመሪያ እዚያ ውስጥ ሲጥለው ብቻ መሸለም ጀመረች፤ ቀስ በቀስ ሰፊው ሳህን በጠባብ፣ ጠባቡ ደግሞ በቋሚው እንጨት ተተካ፣ ኩኩም ሳይበሳጭ ደረሰበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ «ስጠይቀው አይሰራም» ወደሚለው። ቃሉ ወይም የእጅ ምልክቱ የሚጨመረው በመጨረሻ ነው። ወፉ ድርጊቱን በደንብ ሲለምድ፣ ሊሰራው ሲል ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ «ሰላም» ትሉታላችሁ። ቀስ በቀስ ቃሉን ከድርጊቱ ጋር ያገናኛል። ከዚያ በኋላ የሚሸለመው ተጠይቆ ሲሰራ ብቻ ነው። ሳይጠየቅ እግሩን ቢያውለበልብ አይቆጡትም፣ ግን ሱፍ የለም። ምልክት ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ በማንኛውም ሰዓት የሚሸለም ወፍ የእናንተን ቃል የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ደግሞ አንዴ ብሎ መጠበቅ ነው እንጂ «ሰላም በል፣ ሰላም በል፣ በል እንጂ» አይባልም፣ ያ ለወፉ ጫጫታ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቃልና አንድ ዓይነት የእጅ ምልክት ይጠቀማል። ሲለምድ ክፍል ይቀየራል፣ ሰው ይቀየራል፣ ምክንያቱም ሳሎን ውስጥ የተማረውን ሌላ ክፍል ሲገባ እንደ አዲስ ሊያየው ይችላል።

እኔ ግን ከትርዒቱ ሁሉ በላይ የማመሰግናት ወፉን ማንበብ ስላስተማረችን ነው። የዓይኑ ብሌን ቶሎ ቶሎ ሲጠብና ሲሰፋ ስሜቱ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ደስታም ሊሆን ይችላል፣ የመንከስ ዋዜማም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የቀረውን ሰውነቱን እዩ። ላባው ተለጥፎ ሰውነቱ ቀጠን ካለ ፈርቷል። ከእጃችሁ ወደ ኋላ ካዘነበለ «አልፈልግም» እያለ ነው። እሷ እንዲህ ሲል ወዲያው ታቆማለች። ሥልጠናው በአንድ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፣ ገና ፍላጎት እያለው በሚያውቀው ነገር ይዘጋል። አንድ ጊዜ ጣቷን ነከሳት። አልጮኸችም፣ አልቀጣችውም፣ ቀስ ብላ መቆሚያው ላይ አስቀመጠችውና ከመንከሱ በፊት ምን ምን እንዳሳየ አንድ በአንድ ነገረችን። ያን ዕለት የእሷ ትዕግሥት ገረመኝ።

ትርዒት ለምን ያስፈልገዋል ለሚል ሰው መልሷ ግልጽ ነው። እነዚህ ወፎች ጭንቅላታቸው ሥራ ይፈልጋል። አሌክስ የተባለው ግራጫ በቀቀን ከተመራማሪዋ አይሪን ፔፐርበርግ ጋር ከ1977 እስከ ሞተበት እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ሰርቶ፣ ወደ 50 የሚጠጉ ዕቃዎችን በስም ይለይ፣ 7 ቀለማትን ያውቅ፣ እስከ 6 ድረስ ያሉ ብዛቶችን ይለይ ነበር። እንዲህ ያለ ፍጡር ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ ሲቀመጥ የራሱን ላባ እስከ መንጨት ይደርሳል። ለኩኩ የሥልጠናው ሰዓት ጨዋታው ነው፣ እንጨቱን ሲያይ ራሱ ወደ በሩ ይመጣል።

እሷን ለማግኘት ላሰባችሁ ጥቂት ነገር። ወፉን ወስዳ አሰልጥና አትመልስም፤ የምታሰለጥነው እናንተን ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ከሌላችሁ አትጥሯት። በመካከል የቤት ሥራ ትሰጣለች፣ ቪዲዮ ላኩልኝ ትላለች፣ እያንዳንዱን ቪዲዮ አይታ መልስ ትጽፋለች። ወፉ ከታመመ ወይም ላባውን እየነጨ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ትላለች። ከዱር ተይዞ የመጣ ወፍ ለመግዛት ላሰበ ሰው ደግሞ አትሰራም። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዱር የተያዙ ግራጫ በቀቀኖችን ከአገር አገር መነገድ የተከለከለ ስለሆነ የወፉን ወረቀት ትጠይቃለች፣ አዘጋጁ።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ልጆቹም እኔም ከልብ እናመሰግንሻለን። ኩኩ አሁን ወደ ማጓጓዣ ሳጥኑ በራሱ መግባት እየተማረ ነው፣ ጭንቅላቱን አስገብቶ ይወጣል፣ የዛሬውን ቪዲዮ ማታ እልክልሻለሁ።