የጃኩዚ ውሃ በምን ይታከም? ክሎሪን፣ ብሮሚን፣ ጨው ወይስ ኦዞን፤ ለጅማ ቤቶችና ማረፊያዎች

ጅማ ውስጥ ጃኩዚ ያላችሁ ወይም ልታስገቡ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ለዩ። ገንዳችሁ ሰው በወጣ ቁጥር ውሃው የሚደፋ ነው? ወይስ ያው ውሃ እየሞቀ ለሳምንታት የሚቆይበት? የሚደፋ ከሆነ ገንዳውንና አረፋ የሚነፉትን ቧንቧዎች በደንብ ማጠብና ማጽዳት ነው ሥራችሁ። ይህ ንጽጽር ውሃውን ለሚያቆዩት ነው።

የሚቆይ ሙቅ ውሃ ከተራ መዋኛ ገንዳ የባሰ ክትትል ይፈልጋል። 1,200 ሊትር ውስጥ አራት ሰው ሲቀመጥ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 300 ሊትር ብቻ ነው። ላቡ፣ ቅባቱና ሎሽኑ እዚያው ይቀራል። ሙቀቱና አረፋው ደግሞ ክሎሪኑን ቶሎ ይጨርሱታል። ሊጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውሃ ይመቸዋል፤ ከአረፋው በሚነሳው እርጥበት ከተሳበ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሱዶሞናስ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ቆዳ ላይ የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ ያወጣል። ውሃው ጥርት ብሎ እያለ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። እስቲ ከውሃው በታች ያለውን የገንዳውን ግድግዳ በጣታችሁ አሸት አድርጉት። ሙልጭልጭ ካለ ተህዋሲያን እዚያ መሽገዋል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ልጋግ ያረፈባቸውን ተህዋሲያን ከመድኃኒቱ ይከልላቸዋል። ስለዚህ ውሃውን ደፍቶ፣ ፈትጎ እንደገና መሙላት ያስፈልጋል።

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለእንዲህ ያለ ገንዳ የሚመክረው ይህን ነው፦ ክሎሪን ቢያንስ 3 ፒፒኤም፣ ብሮሚን ከሆነ ቢያንስ 4፣ ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ከ7.0 እስከ 7.8፣ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የማይበልጥ። አንድ ፒፒኤም ማለት በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በእነዚህ ቁጥሮች ነው የምመዝነው።

ክሎሪን

ክሎሪን አንድ ዕቃ አይደለም። ሦስቱን ለይታችሁ ግዙ።

አንደኛው በየሱቁ ያለው በረኪና ነው። ከሄርማታም ከመርካቶም ብትነሱ ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ። ሽታ ያልተጨመረበትና ሳሙና ያልገባበት መሆን አለበት። ጥንካሬው 5 በመቶ ከሆነ፣ 1,000 ሊትር ውሃን በ3 ፒፒኤም ከፍ ለማድረግ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። ጉዳቱ በመደርደሪያ ላይ ሲቆይ፣ በተለይ ሙቀትና ብርሃን ሲነካው፣ እየደከመ መሄዱ ነው። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እየገዙ ጨለማ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሁለተኛው ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ የውሃ ሠራተኞች ኤችቲኤች የሚሉት ነጭ ዱቄት። 65 በመቶ የሆነው ለዚያው 1,000 ሊትር 5 ግራም እንኳ አይሞላም። ቆይቶም ቶሎ አይደክምም። ነገር ግን ካልሲየም ይጨምራል፤ ይህ ሲጠራቀም ማሞቂያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አሟሙት፣ አስረጉት፣ ከላይ የጠራውን ውሃ ብቻ ቀድታችሁ ጨምሩ። ዱቄቱ ወደ ውሃ ይገባል እንጂ ውሃ በዱቄቱ ላይ አይደፋም።

ሦስተኛው ዳይክሎር ነው። የጃኩዚ ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ይህንን ነው። ቶሎ ይሟሟል፣ ፒኤቹን ብዙም አይነካም፣ ለጀማሪ ምቹ ነው። ችግሩ አብሮት ያለው ሳያኑሪክ አሲድ ነው። ይህ ነገር ለክሎሪኑ እንደ ጃንጥላ ሆኖ ከፀሐይ ይከላከልለታል፤ በዚያው ግን የመግደል ፍጥነቱን ያዘገየዋል። ክሎሪኑ ሲያልቅ እሱ አያልቅም። በየቀኑ 3 ፒፒኤም ብትጨምሩ በሁለት ሳምንት ወደ 38 ፒፒኤም ሳያኑሪክ አሲድ ይጠራቀማል። የመመርመሪያ ወረቀቱ ክሎሪን አለ እያለ ባክቴሪያው በሕይወት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ማዕከሉም ይህ አሲድ ያለበትን ክሎሪን ለሙቅ ገንዳ አይመክርም። እንግዳ የሚቀበል ቤት ካላችሁ ዳይክሎርን ተዉት።

ትራይክሎር የሚባለውን ክኒን ደግሞ ጭራሽ አትግዙ። በጣም አሲዳማ ስለሆነ ገንዳውንና ማሞቂያውን ይበላል።

ስለ ሽታው አንድ ነገር ልበል። ዓይን የሚያቃጥል የበረኪና ሽታ ክሎሪን ስለበዛ የሚመጣ ይመስላቸዋል ብዙዎች። ብዙ ጊዜ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተጣምሮ ሲደክም ነው እንዲያ የሚሸተው። ሽታውን ፈርቶ ክሎሪን የሚቀንስ ሠራተኛ ነገሩን ያባብሰዋል። ለካ!

ብሮሚን

ከሰው ቆሻሻ ጋር ከተጣመረ በኋላም መግደሉን ስለማይተው፣ ሽታውም ስለሚቀል፣ ለቤት ውስጥ ጃኩዚ ብሮሚን ደስ የሚል ምርጫ ነው። ትልቁ ብልጫው ግን ፒኤች ላይ ነው። አረፋ የሚነፋ ገንዳ ፒኤቹ እየወጣ ይሄዳል፤ አየሩ ከውሃው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣልና። ፒኤች 8 ላይ ክሎሪን ጠንካራ ሆኖ የሚቀረው ሩብ እንኳ የማይሞላው ነው። ብሮሚን ግን ከ80 በመቶ በላይ እንደጠነከረ ይቆያል። በየሰዓቱ መመርመር ለማይችል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ለምን ሁሉም ብሮሚን አይገዛም? ዋጋው ይወደዳል፤ ፀሐይ ቶሎ ያጠፋዋል፤ ከፀሐይ የሚከልለው ማረጋጊያም የለውም። ለጅማ ሰው ደግሞ ዋናው ጥያቄ ሲያልቅ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የስድስት ወሩን ባንድ ጊዜ ማስመጣት ካልቻላችሁ አትጀምሩት። አንዴ ብሮማይድ (ብሮሚን ሥራውን ሲጨርስ ውሃው ውስጥ የሚቀረው ጨው) የገባበት ውሃ ላይ ክሎሪን ብትጨምሩ ተመልሶ ብሮሚን ነው የሚሆነው። ወደ ክሎሪን ለመመለስ ገንዳውን መድፋት አለባችሁ።

ጨው፣ ኦዞን፣ አልትራቫዮሌት

«ያለ ክሎሪን የሚሠራ የጨው ጃኩዚ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ልክ አይደለም። መሣሪያው ከጨው ውስጥ ክሎሪን ነው የሚያመርተው። በአንድ ሊትር 2 ግራም ያህል ጨው ይገባል፤ አዮዲን የሌለው መሆን አለበት። የተረጋጋ ክሎሪን ይሰጣል፤ ሰውነት ላይም ለስለስ ይላል። ግን የሚያመርተው ፓምፑ ሲዞር ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ገንዳው ሞቅ እንዳለ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ጄኔሬተር ለሌለው ቤት አልመክርም።

ኦዞንና አልትራቫዮሌት ረዳት ናቸው እንጂ ዋና አይደሉም። ኦዞን ሙቅ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበተናል። አልትራቫዮሌት መብራቱ ፊት ያለፈውን ውሃ ብቻ ይመታል፤ ክሎሪን የሚከብደውን ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተቅማጥ አምጪ ተህዋስ በመግደል ግን ጎበዝ ነው። ሁለቱም ገንዳው ውስጥ የሚቆይ ነገር አይተዉም። ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ይዞት የመጣውን አይደርሱበትም። የብርና የመዳብ ማጣሪያም ያው ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ብቻውን አይበቃም።

የቱን ልግዛ?

ማረፊያ ወይም ሆቴል ላለው ሰው መልሴ አያሻማም፦ በረኪና ወይም ኤችቲኤች፣ ገንዘብ ከተረፈ አልትራቫዮሌት ተጨምሮበት። ሰኔ ላይ መንገዱ በዝናብ ቢዘጋም የማታጡት ነገር ነው። ቤት ውስጥ፣ ከፀሐይ የተከለለ ገንዳ ያለውና አስቀድሞ ማስመጣት የሚችል ቤተሰብ ብሮሚን ይውሰድ። ገንዳው ደጅ ከሆነ ክሎሪን፣ ግን ጥሩ ክዳን ይኑረው። የጅማ ዝናብ መድኃኒቱንም አልካሊኒቲውንም (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘውን የውሃውን አቅም) ያቀጥነዋል።

ውሃው መቼ ይቀየር ለሚለው፣ የገንዳውን ሊትር ለ11 አካፍሉ፤ የወጣውን በቀን ለሚገቡት ሰዎች ቁጥር አካፍሉ። 1,200 ሊትርና አራት ሰው ከሆነ 27 ቀን ገደማ ይመጣል።

የመረጣችሁትን ሁሉ ከሌላ ጋር አትቀላቅሉ። በረኪና ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ኤችቲኤችና ዳይክሎር ደግሞ በአንድ ማንኪያ እንኳ አይጨለፉ፤ ሲገናኙ ሊቀጣጠሉ ይችላሉ።

መድኃኒቱን ስትገዙ መመርመሪያውንም አብራችሁ ግዙ። ወረቀቱ ርካሽ ነው፤ በጠብታ የሚሠራው መመርመሪያ ግን ይበልጥ ልክ ነው። ለእንግዳ ቤት ጠብታውን ውሰዱ። ሰው ከመግባቱ በፊት፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም፣ ለኩ። ክሎሪኑ ከ3 በታች ከሆነ እስኪስተካከል ማንም አይግባ።