የሥዕል ማኖሪያና ማሳያ፦ ዲስክ፣ ክላውድና ቴሌግራም ሲነጻጸሩ

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ሥራዎ ስንት ጊጋ እንደሚሆን ያስሉ። ኤ3 ወረቀት ላይ የተሠራ አንድ ሥዕል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ተደርጎ፣ ሳይጨመቅ ቲፍ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ሲቀመጥ 52 ሜጋ ገደማ ይይዛል። 400 ሥዕል ያለው ሰው እንግዲህ 21 ጊጋ ያህል ያስፈልገዋል። ለማሳያ የሚሆነው ቅጂ፣ ማለትም ረጅሙ ጎን 2,048 ፒክስል የሆነ ጄፔግ (የተጨመቀ የምስል ፋይል)፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜጋ ብዙም አይርቅም። 400ውም ተደምሮ ግማሽ ጊጋ ላይሞላ ይችላል። ግዢውን የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። ዋናው ፋይል በራስዎ ዲስክ ይቀመጣል፤ የሚታየው ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ለሁለቱም አንድ መፍትሔ የፈለገ ሰው ወይ ያለ አግባብ ይከፍላል ወይ ዋናውን ያጣል።

ሃርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ

ሃርድ ዲስክ የሚጽፈው በሚሽከረከር ሳህን ላይ ነው፤ ኤስኤስዲ ግን በቺፕ ላይ። በተመሳሳይ ገንዘብ ሃርድ ዲስክ ብዙ እጥፍ ቦታ ይሰጣል። በእኛ አገር ግን ከዋጋው እኩል የሚኖሩበት ከፍታ መታየት አለበት። በሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚያነበው ጭንቅላት በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ትራስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል፤ ጭንቅላቱ ሳህኑን የመንካት ዕድሉ ይጨምራል። ብዙ አምራቾች ዲስኩ እየሠራ ሳለ የሚፈቅዱት ከፍታ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከወሰኑ በታች ናት፤ ብዙም ግን አትርቅም። ጣርማበር አፋፍ ላይ፣ መሐል ሜዳ ወይም በጓሳ ዙሪያ የሚኖር ሰው ከወሰኑ በላይ ነው። እዚያ የዕለት ሥራ የሚሠራበት ዲስክ ኤስኤስዲ ይሁን፤ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ከፍታው አያስቸግረውም። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላይ ጠላቱ ሙቀት ነው። ዲስኩን ፍራሽ ወይም ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ረጅም ኮፒ አያስጀምሩ።

ጠፍቶ የተቀመጠ ሃርድ ዲስክን ከፍታ አይጎዳውም። የሚያሳስበው ሲሽከረከር ነው፤ በሥራ ላይ እያለ ከጠረጴዛ ቢወድቅም የሚሰበረው ያው ጭንቅላት ነው። ውርጭ ካደረበት መኪና የወጣ ዲስክ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ጤዛ ይይዛል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይሰኩት ያቆዩት።

ኤስኤስዲም የራሱ ድክመት አለው። ለዓመታት ኃይል ሳያገኝ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ የያዘው ነገር ሊጠፋ ይችላል። በ6 ወር አንዴ ሰክተው ፋይሎቹን ይክፈቱ። ሲበላሽም ብዙ ጊዜ ያለ ምልክት ነው፤ ሃርድ ዲስክ ግን ብዙውን ጊዜ ቀጭ ቀጭ በማለት ወይም በመንቀራፈፍ አስቀድሞ ይናገራል።

እንግዲህ ምርጫው፦ ደብረ ብርሃንና ከዚያ በታች ላለ ሰው አንድ ትልቅ ኤስኤስዲ ከመግዛት ሁለት ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ መግዛት ይበልጣል። አንዱ ቤት ይቀመጥ፣ ሌላው ዘመድ ዘንድ፤ አንድ ሌባ ወይም አንድ እሳት ሁለቱን አብሮ እንዳይወስድ። እንደ መንዝ ከወሰኑ በላይ ላለ ሰው 500 ጊጋ ኤስኤስዲ ለሥራ፣ አንድ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ዝቅ ባለ ከተማ ላለ ዘመድ ይስጥ፤ ኮፒውም እዚያው ይሠራ።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ኮፒው አይቋረጥም። ዴስክቶፕ ያለው ሰው ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ሳይኖረው ብዙ ፋይል ባያስተላልፍ ይሻላል፤ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ሲቋረጥ ፋይሉ ብቻ ሳይሆን የዲስኩ ማውጫም ሊበላሽ ይችላል። ዲስኩ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚውል ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ዓይነት ፎርማት ያድርጉት፤ እንዲህ ያለውን መቋረጥ ኤክስፋት ከሚባለው ዓይነት የተሻለ ይቋቋማል። ማክ ላይም የሚጻፍበት ከሆነ ኤክስፋት ይቀላል። የቆየው ዓይነት ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም።

ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም። በርካሽ የሚሸጡ ባለ 2 ቴራ ፍላሾች ብዙ ጊዜ የውሸት ናቸው፦ ኮምፒውተሩ ላይ 2 ቴራ ያሳያሉ፣ እውነተኛው ቦታቸው ሲሞላ ግን አዲሱ ፋይል ስሙ ብቻ ይቀራል። ኤችቱ-ቴስት-ደብሊው (H2testw) የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጥጉ ሞልቶ መልሶ ያነባል። ለ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ሰዓታት ይፈጃል፤ ግን ሥራዎን ከመጫንዎ በፊት ይሞክሩት። ባለ 1 ቴራ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ቢያሳይ ችግር የለውም፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

ክላውድ

ክላውድ ማለት ፋይልን በኢንተርኔት በኩል በኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ነው። ጎግል ድራይቭ 15 ጊጋ በነጻ ይሰጣል፤ ቦታውን ግን ጂሜይልና ጎግል ፎቶስ ይጋሩታል። ሜጋ (MEGA) የሚባለው አገልግሎት 20፣ ዋንድራይቭ 5፣ ድሮፕቦክስ 2 ጊጋ ይሰጣሉ። ለማሳያ ቅጂዎችና ሥዕሎቹ ለሚመዘገቡበት ሠንጠረዥ ጎግል ይበቃል። ዋናዎቹን ቲፎች ወደ ክላውድ ለመጫን ግን የኢንተርኔቱን የመስቀያ ፍጥነት ይለኩ፦ በሰከንድ በ2 ሜጋቢት 21 ጊጋ ለመጫን ሳይቋረጥ 23 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ለተከፈለበት ቦታ ክፍያው በየወሩ በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ካርዱን ያበደረ ዘመድ ክፍያውን ቢያቆም ምን እንደሚሆን ሳያስቡ አይግቡበት። ጎግል 2 ዓመት ሙሉ ያልተነካ አካውንት ሊሰርዝ ይችላል።

የት ይታይ

ቴሌግራም ተመልካቹ ያለበት ቦታ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ይክፈቱ። እንደ ፎቶ የተላከ ሥዕል ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል የተላከው ግን እንዳለ ይደርሳል፣ ለአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ። አካውንቱ ከሲም ጋር የታሰረ ስለሆነ ሲሙ ከጠፋ ቻናሉም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ያብሩ፣ የሚያምኑትን ሰው ሁለተኛ አድሚን ያድርጉ።

ኢንስታግራም ገዢን ለመሳብ ጥሩ ነው፤ ምስሉን ግን ወደ 1,080 ፒክስል ስፋት ያወርደዋል። ፍሊከር የሚባለው የፎቶ ድረ ገጽ በአልበም ለመደርደር ከሁለቱም የተሻለ ነው፤ በነጻ የሚይዘው 1,000 ምስል ብቻ ነው። ዊኪሚዲያ ኮመንስ፣ የዊኪፔዲያ የምስል ማኖሪያ፣ ያለ ክፍያ ትልቁን ምስል ይይዛል፤ ነገር ግን ማንም ሰው ለንግድም ጭምር እንዲጠቀምበት ፈቅደው ነው የሚያስገቡት፣ ፈቃዱም አይመለስም። ሕትመት ሸጦ ለሚኖር ሠዓሊ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥዕል የቅጂ መብት ሠዓሊው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ ይህን ያህል ዘመን የሚቆይ መብት በአንድ ጠቅታ አይለቀቅም።

ስም አወጣጥ

የትኛውም ዕቃ ቢገዛ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ሥዕሉን አያገኘውም። የፋይል ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ይሁን፤ የአማርኛ ስም በአንዳንድ ፕሮግራምና በተጨመቀ ፎልደር ውስጥ ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል። ተራ ቁጥሩ 001 ብሎ ይጀምር፤ አለዚያ 10 ከ2 ይቀድማል። ካሜራው ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጽፍ የፋይሉም ስም በዚያው ይሁን፤ ቀላቅሎ የጻፈ ሰው በ7 ወይም በ8 ዓመት የተራራቀ ሥራ አንድ ላይ ያገኛል። የአማርኛው ርዕስ፣ መጠኑ፣ የተሠራበት ቀለም፣ የገዢው ሁኔታ በሠንጠረዥ ይግባ። እዚያም ፊደል ይወሰን፦ «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበ ሥዕል «ጸሀይ» ተብሎ ሲፈለግ አይመጣም። በሠንጠረዡ ጫፍ የመረጡትን አጻጻፍ ይዘርዝሩ።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወይም የብራና መጽሐፍ የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ የደብሩን አለቃ ያስፈቅድ፤ የስልኩን የቦታ መመዝገቢያም ያጥፋ። እንደ ፋይል የተላከ ፎቶ ጥራቱን ብቻ ሳይሆን የተነሣበትን ቦታም ይዞ ይሄዳል፤ ጥበቃ የሌለው ዕቃ ቤት ያለበትን ስፍራ ለሌባ የሚያሳየው እሱ ነው።