ለአንዲት አዋላጅ ነርስ ምስጋና፣ ለወላዶች ደግሞ ጥቆማ

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ሰባት ወር ሊሞላኝ ነው። ይህን ምስጋና እስከ ዛሬ ያዘገየሁት፣ የሚገባት አዋላጅ ነርስ «ሥራዬን ነው የሠራሁት፤ ስሜን እንዳትጽፊ» ስላለችኝ ነው። ስሟን ባልጽፍም የምትገኝበትን ልጠቁማችሁ፤ ኮልፌ ባለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ ከክትባት ክፍሉ ቀጥሎ ባለው የቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ትሠራለች።

የዛሬ አራት ዓመት ገደማ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሌላ ተቋም የበኩር ልጄን በተገላገልኩ ማግስት፣ አንዲት ባለሙያ «ይሄ ይሻልሻል» ብላ ክንዴ ቆዳ ሥር ኢምፕላኖን የሚባለውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ቀበረችልኝ። እሺ ማለቴን አልክድም፤ ነገር ግን በምጥ ያደረች ሴት እሺታ ምን ያህል እሺታ እንደሆነ የወለደች ታውቀዋለች። የወር አበባን፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሊያዛባ እንደሚችል የነገረኝ ስላልነበረ፣ ደሙ ሲመላለስብኝ በሽታ የያዘኝ መስሎኝ ብዙ ሌሊት ተጨነቅሁ። ይውጣልኝ ብዬ ስመለስም «ሦስት ዓመቱ ሳይሞላ? ዕቃው ይባክናል» ተብዬ ተሸኘሁና በግል ክሊኒክ ከፍዬ አስወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ የሚያነሳብኝ ባለ ነጭ ጋዋን ሁሉ ኮታውን ሊሞላብኝ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛዋን ልጄን በ45 ቀኗ ለክትባት ወስጃት ወደ ጎረቤት ክፍል ስላክ፣ የገባሁት እምቢ ለማለት ተዘጋጅቼ ነው። ሲስተር ግን ምን እንደምፈልግ ከመጠየቋ በፊት ልጅቷ ጡት ብቻ ትጠባ እንደሆነና የወር አበባዬ ተመልሶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሕፃኗ ስድስት ወር እስኪሞላት ድረስ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ከጠባችና የወር አበባዬ ካልመጣ፣ ማጥባቱ ራሱ እርግዝናን እንደሚከላከል፣ ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ግን አንድ ቀን እንኳ ሳልጠብቅ መምጣት እንዳለብኝ አስረዳችኝና «ዛሬ መወሰን የለብሽም» አለችኝ። ያንን ቃል ከጤና ባለሙያ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ማሳያዎቹን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ የክብሪት እንጨት የሚያክለውን የክንድ ሥሩን፣ መዳብ የተጠመጠመባትን፣ ቲ ፊደል የምትመስለውን፣ ማህፀን ውስጥ የምትቀመጠውን ሉፕ፣ የሦስት ወሩን መርፌ ብልቃጥ። ሉፗን አጥፌ ዘርግቼ አየኋት። አማቴ «ወደ ልብ ይወጣል» ይሉ ስለነበር እሱንም ጠየቅኋት፤ ሳትስቅብኝ የማህፀንን ሥዕል አውጥታ ቦታዋን አሳየችኝ። በሰፈራችን ሉፕ ያስገባች ሴት አለማግኘቴም አይገርምም፤ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡት ሴቶች 23 በመቶው መርፌ ሲጠቀሙ ሉፕ የሚጠቀሙት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ።

የተመለስኩት በአሥረኛው ሳምንት ክትባት፣ የልጄ ክርስትና አሥር ቀን ሲቀረው ነው። ሆርሞን የሌለው ስለሆነ ሉፑን መረጥኩ። እሷ ግን ያለፈውን ታሪኬን አስታውሳ «ደም ያማረረሽ ሴት ነሽ፤ ይሄም የመጀመሪያዎቹን ወራት ደሙንና ቁርጠቱን ሊያበዛው ይችላል፤ አውቀሽ ግቢበት» አለችኝ። ሁለት ተለማማጆች በር ላይ ቆመው ስለነበር ይግቡ ወይ ብላ እኔን ጠየቀችኝ፤ አይግቡ ስል በሩን ዘጋችው። ስታስገባውም እያንዳንዱን ነገር ከማድረጓ በፊት ትነግረኝ ነበር። እስከ አሥር ዓመት እንደሚያገለግል ከነገረችኝ በኋላ «አውጪልኝ ባልሽኝ ቀን አወጣዋለሁ፤ ምክንያትም አልጠይቅሽም» ብላ ጨመረችበት።

እንዳለችውም ሁለት ወር ያህል ደሙ በዛ። አልተጨነቅሁም፤ ይመጣል የተባልኩት ነውና። በቀጠሮዬ ሄጄ አየችኝ፣ በቦታው ነበር። ሲስተር፣ ይህን ካነበብሽው፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አገልግሎቱ በነፃ ነው። የክትባት ቀን ወረፋው ስለሚበዛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ የልጃችሁን የክትባት ካርድም አትርሱ።