የቢሯችን ፕራይቬት ክላውድ ከ14 ወር በኋላ፦ ሰርቨሩ እኮ ቀላሉ ነገር ነበር

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ የሕንፃ ዲዛይንና ቁጥጥር ቢሮ ውስጥ የአይቲ ሰራተኛ ነኝ፣ የአይቲ ክፍል ሚባል የለም፣ ክፍሉ እኔ ነኝ። ኅዳር 2017 ላይ ፋይሎቻችንን ከውጭ ክላውድ (በኢንተርኔት ከሚከራዩት የፋይል ማስቀመጫ) አውርደን እዚሁ ቢሮ ውስጥ የራሳችንን ሠራን። ያኔ «እንዴት ነው፣ ይሠራል?» ሲሉኝ «ቆይ ክረምት ይለፍበትና እነግራችኋለሁ» ነበር መልሴ። ይኸው ክረምቱም አለፈ፣ 14 ወርም ሞላ፣ ሳልኳኩል ልጻፈው።

መጀመሪያ ለምን እንደገባንበት። የምንጠቀምበት ክላውድ ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ እኛ ደግሞ ደንበኛን ምናስከፍለው በብር ነው፣ ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። ሁለተኛው ኔት ነው። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ ሲዘጋ ለወራት ነው የቆየው፣ የቢሮው መስመር ሲኖርም አፕሎዱ ያው የምታውቁት ነው። በ4 ሜጋቢት አፕሎድ 2 ጊጋባይት ፋይል ለመጫን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፎቅ ላይ ያለው አርክቴክት ምድር ላይ ላለው ስትራክቸራል ኢንጂነር ፋይል ለመስጠት ፋይሉ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል፣ ለዛውም መሃል ላይ ካልተቆረጠ። ስለዚ ሰው ሁሉ በፍላሽ ነበር ሚሠራው። ፍላሹ ከነቫይረሱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር አንድ ቀን ሳይት ላይ የቆየ ድሮዊንግ ታትሞ ሄዶ ኮለን (ዓምድ) በተሳሳተ ቦታ ፎርም ወርክ (የኮንክሪት ሣንቃ) ተመታለት። ብረት ሳይታሰርበት ተደረሰበት እንጂ... ከዛ በኋላ ነው ጋሼ (ሥራ አስኪያጃችን) የፈረመልኝ።

ሲፈርምም ዝም አላለም፣ «ወንድም ዓለም፣ እዚህ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ደመናነቱ ምኑ ላይ ነው?» አለኝ፣ ክላውድ ማለት ደመና አይደል። ስቄ አለፍኩት እንጂ ጥያቄው ልክ ነው። የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም በ2011 ክላውድ ለመባል አምስት ነገር ያስፈልጋል ብሎ አስቀምጧል፣ አንዱ ተጠቃሚው ሰው ሳይለምን የፈለገውን ራሱ መውሰድ መቻሉ ነው። እኛ ጋ ቪኤም (ሰርቨር ውስጥ ለብቻው ሚሠራ ምናባዊ ኮምፒውተር) የፈለገ ሰው ቡና ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። በዚህ ከተለካን ክላውድ አይደለንም፣ ግን ቡናውን ወድጄዋለሁ።

ዕቃው ይሄ ነው፦ ሁለት ያገለገሉ ዴል ፓወርኤጅ አር 730፣ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ባለ 14 ኮር ዚዮን ፕሮሰሰርና 128 ጊጋ ራም። በላያቸው ሰርቨሩን ወደ ብዙ ቪኤም ሚከፋፍለው ሶፍትዌር ፕሮክስሞክስ 8 (9ኛው ከወጣ ቆየ፣ ሚሠራ ነገር አልነካም ብዬ ነው)፣ ፋይል ማጋሪያው ኔክስትክላውድ፣ ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) አዘዞ ያለው ቅርንጫፋችን ውስጥ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የተጫነ ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር፣ ራውተሩ ሚክሮቲክ። ያንኑ ሥራ ሚሠራው ቪኤምዌር ነበር የለመድኩት፣ ግን ብሮድኮም ሚባለው ኩባንያ በ2023 መጨረሻ ላይ ከገዛው በኋላ አንዴ ገዝተህ ለዘላለም ሚባለው ላይሰንስ ቀርቶ ሁሉም በኪራይ ሆነ፣ ከዶላር ክፍያ ሸሽቼ ሌላ ዶላር ክፍያ ውስጥ ልገባ ነው እንዴ? ለትልልቅ ዳታ ሴንተር ሚሆነውን ኦፕንስታክ ሞክር ያለኝም ነበር። ለ38 ሰው ኦፕንስታክ ማለት ለሦስት እንግዳ በሬ መጣል ነው።

ፕሮክስሞክስን በተመለከተ ብዙ ማወራው የለኝም፣ የጥሩ ሶፍትዌር ምልክቱ ደግሞ እሱ ነው። ነፃ ነው፣ ሰብስክሪፕሽን (የክፍያ ደንበኝነት) የለህም ሚል ማስታወቂያ በገባህ ቁጥር ይመጣብሃል፣ እሺ ትለዋለህ ያልፋል። ቪኤሞቹ በየ15 ደቂቃው ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ይገለበጣሉ። ፍጥነቱ ላይ፣ ያ 2 ጊጋ ፋይል አሁን በቢሮው ኬብል 20 ሰከንድ አካባቢ ነው። ኔት ቢጠፋም ቢሮው ውስጥ ማንም አያውቅም፣ አንድ ሁለቴ ኔት ከጠፋ ግማሽ ቀን ካለፈ በኋላ ነው እኔ ራሴ የሰማሁት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ መብራት።

ስንጀምር 3 ኬቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ሚያቆይ) ገዛን፣ ሻጩ «አርባ ደቂቃ ያቆያል» አለን፣ አዎ አቆየ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት። መብራት በሄደ ቁጥር ባትሪው እስከ ታች እየወረደ ሰባተኛው ወር ላይ ስምንት ደቂቃ ደረሰ። ደግሞ ዩፒኤሱ ሰርቨሮቹን «ልጨርስ ነው፣ ተዘጋጁ» ብሎ እንዲዘጋቸው ማድረጊያ ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ ይባላል፣ ነገ እጭነዋለሁ ነገ እጭነዋለሁ ስል አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ ሁለቱም ሰርቨሮች ጠፍተዋል። ሎጉን (የሰርቨሩን መዝገብ) ባይ ምንም የለም፣ ዩፒኤሱ ደህና ነው፣ መብራት አለ። ግቢ ወጥቼ ጥበቃውን አባባን ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ሌሊት መብራት ሄዶ እንደ ጫጩት ሲንጫጫ አደረ፣ አሳዘነኝ፣ አጠፋሁት» አሉኝ።

ምን ይባላል? አንጀቴን በሉት። ጥፋቱም የኔ ነው፣ ክፍሉን አልቆለፍኩ፣ ጩኸቱ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸው። ደግነቱ ሰርቨሮቹ ፋይል ሚያስቀምጡበት ሥርዓት፣ ዘድኤፍኤስ፣ ዳታ ሲቀየር በአሮጌው ላይ አይደርብም፣ አዲስ ቦታ ጽፎ ሲጨርስ ነው ወደዛ ሚዞረው፣ ስለዚ መሃል ላይ መብራት ቢነጠቅ አሮጌው እንዳለ ነው። ሁሉም ተነሳ፣ አንድ ፋይል አልጠፋም። ያን ቀን ከሰዓት ነው ሶፍትዌሩን የጫንኩት።

ከዛ ወዲያ ዩፒኤሱን ትተን ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ለዕቃው ወደሚሆን መብራት መቀየሪያ) እና ባለ 5 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ባትሪ አስገባን። ሁለቱ ሰርቨሮች፣ ስዊቹ (የኔትወርክ ኬብሎቹን ሚያገናኘው) እና ራውተሩ አንድ ላይ 450 ዋት አካባቢ ነው ሚወስዱት፣ ባትሪውን እስከ 20% ብቻ ብናወርደው ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይሄዳል ማለት ነው፣ በተግባርም እንደዛው ነው። ዋጋው? ባትሪውና ኢንቨርተሩ ከሁለቱ ሰርቨሮች በለጡ። ይሄን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ለጋሼ ያቀረብኩት ፕሮፎርማ ሌላ ይሆን ነበር፣ ምናልባትም አይፈርምም ነበር።

መብረቅ ደግሞ አለ። ሐምሌ 2017 ላይ ከዋናው ቤት ጓሮ ወዳለው ሰርቪስ ቤት በአየር ላይ የዘረጋሁት የኔትወርክ ኬብል ነበር፣ ወደ 40 ሜትር፣ መዳብ። አንድ ከሰዓት አካባቢው ላይ መብረቅ ወደቀ፣ እኛ ግቢ እንኳን አልነበረም፣ ግን በዛች ኬብል ገብቶ የስዊቹን ስምንት ፖርት፣ አንድ ዋይፋይና የአንዱን ሰርቨር አንድ የኔትወርክ ፖርት ይዞ ሄደ። ኤሌክትሪሻን አምጥተን ኧርዙን (የመሬት መስመሩን) ስናስለካ ለካ አረንጓዴ ቢጫዋ ሽቦ ከቆጣሪው ወርዳ ግድግዳ ውስጥ ገብታ እዛው ታልቃለች፣ መሬት የነካት ነገር የለም። ስንት ዓመት ኧርዝ አለን ብለን ተቀምጠን! አዲስ ዘንግ አስቀበርን፣ በሁለቱ ቤቶች መሃል ያለውን ኬብል ወደ ፋይበር ቀየርነው፣ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (ከመዳብ ወደ ፋይበር መቀየሪያ) እና አንድ ፋይበር፣ በቃ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ምትወስዱ ከሆነ በሁለት ሕንፃ መሃል መዳብ አትዘርጉ።

ሙቀት ላይ አጭር ነገር። ጎንደር ቀዝቃዛ ነው ኤሲ አያስፈልግም ብዬ ነበር። ለካ የሰርቨሩ ማኑዋል ቢበዛ 35 ዲግሪ ሚለው እስከ 950 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው፣ ከዛ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል፣ ቀጭን አየር ሙቀት ስለማይሸከም። እኛ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፣ ስለዚ የኛ ከፍተኛው 31 ዲግሪ ነው። መጋቢት ላይ ቆርቆሮ ስር ያለች ጠባብ ክፍል 31ን ቀልድ ነው ምታደርገው፣ ፋኖቹ እንደ አውሮፕላን ሲጮሁ ነው የገባኝ። ከፍ አድርገን አየር ማስወጫ ፋን ገጠምን፣ በሩ ታች ላይ ባለ ወንፊት ቀዳዳ አደረግን፣ ክፍሉ አሁን ከ27 አያልፍም። ኤሲ አልገዛሁም። አቧራውን በየሁለት ወሩ እነፋለሁ።

ሌላው ራሴ ያመጣሁት ጣጣ፦ ሁለት ሰርቨር ካለ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል ብዬ አስቤ ነበር። አንድ እሁድ አንደኛው ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ ቆመ፣ ሌላው በሕይወት አለ፣ ግን የሟቹን ቪኤሞች አላስነሳም አለ። ነገሩ እንደ እድር ነው፣ ምልዐተ ጉባኤ ካልሞላ አይወሰንም፣ ከሁለት አንድ ደግሞ ግማሽ እንጂ ከግማሽ በላይ አይደለም። አንድ ትንሽዬ ሚኒ ፒሲ ሦስተኛ ድምፅ ሰጪ አድርጌ ጨመርኩ፣ ሥራዋ ድምፅ መስጠት ብቻ ነው፣ ሪሴፕሽን ጠረጴዛ ስር ተቀምጣለች። ኤስኤስዲ (የዳታ ማስቀመጫ ዲስክ) ላይም እንደዛው፣ ርካሽ የላፕቶፕ ኤስኤስዲ አስገብቼ አምስተኛው ወር ላይ ማለቂያ መቶኛውን ሳይ ከዕድሜው 38% ሄዷል። ያገለገለም ቢሆን የሰርቨር ኤስኤስዲ ግዙ፣ መብራት ሲጠፋ በእጁ ያለውን ጽፎ ሚጨርስበት ካፓሲተር ውስጡ አለው።

ሠራተኛው እንዴት ተቀበለው? ኔክስትክላውድን ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው፣ አሁን ፍላሽ ያያችሁ እንደሆነ የእንግዳ ነው። ግን ሁለት ነገር እስካሁን ያስቸግረኛል። አንደኛው ፍለጋ፦ እኛ የሕንፃ ቢሮ ነን፣ ይቺኑ ቃል አንዱ ሕንፃ፣ አንዱ ህንፃ፣ አንዱ ሕንጻ፣ አንዱ ህንጻ ብሎ ነው ፋይል ሚሰይማት፣ ለኮምፒውተሩ አራቱ አራት ቃል ናቸው። «ፋይሌ ጠፋ» ተብዬ ከተጠራሁባቸው ቀኖች ብዙዎቹ ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ ናቸው። አሁን የፎልደር ስም የፕሮጀክት ቁጥር ብቻ ነው ብያለሁ። ሁለተኛው ሰዓት፦ የሂሳብ ሠራተኛችን እትዬ «ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የነበረውን ኤክሴል መልስልኝ» አለችኝ፣ እኔ ጅሉ ከቨርዥኖቹ (ኔክስትክላውድ ከሚያስቀምጣቸው የፋይሉ የቆዩ ቅጂዎች) ውስጥ 02፡00 አጠገብ ያለውን መለስኩላት። 02፡00 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ እሷ የፈለገችው 20፡00ን። ያበላሸችውን ነው መልሼ የሰጠኋት። አሮጌዎቹ ቨርዥኖች ስለነበሩ አገኘነው፣ ግን ፊቷን ባያችሁት።

ኔክስትክላውድን አፕግሬድ ስታደርጉ ትልልቆቹን ቨርዥኖች አትዝለሉ፣ አንድ በአንድ ነው፣ ካልሆነ እምቢ ይላል። አፕግሬድ ከማድረጋችሁ በፊት ስናፕሾት (የቪኤሙን የዛን ሰዓት ቅጂ) ያዙ።

ደንበኞችስ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ «የኛ ሰነድ የት ነው ሚቀመጠው?» ያለን አንድ ሁለት አለ፣ ክፍሉን ከፍቶ ማሳየት ሚሰጠው ኩራት አለ መቼም።

ግን ማታ ማታ ሚያሳስበኝ ሌላ ነው፣ ይሄን ሁሉ ሚያውቀው እኔ ብቻ መሆኔ። ብታመም? ሌላ ሥራ ባገኝ? (ጋሼ ይሄን እንዳታነብ።) ስለዚ ባለፈው ጥምቀት፣ ከተማው በሙሉ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲሄድ፣ ቢሮው ባዶ ነው ብዬ ልምምድ አደረግን። እንደ ረዳት የያዝኳት ጀማሪ ድራፍተር አለች፣ ባለ ሦስት ገጽ መመሪያ ጻፍኩላትና «ዋናው ሰርቨር ተቃጥሏል፣ እኔ የለሁም፣ ከአዘዞው ባክአፕ ኔክስትክላውዱን አስነሺ» ብያት ወጥቼ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ። እልልታው ከሩቅ ይሰማል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጣች።

«ገጽ ሁለት ላይ ፓስወርዱ ኔክስትክላውድ ላይ ነው ያለው ይላል» አለችኝ።

«እና?»

«ኔክስትክላውዱ እኮ ተቃጥሏል ብለኸኛል።»

ፓስወርዱ አሁን በወረቀት ታትሞ ታሽጎ ጋሼ ካዝና ውስጥ ነው። መመሪያውም ላይ እሷ በቀይ እስክሪብቶ ሌላ አራት ቦታ አርማለታለች፣ በሚያዝያ ደግመን እንሞክረዋለን፣ ያኔ እኔ ስልኬንም አጠፋለሁ።