ገንዳ ወይስ የታጠረ ባሕር?

ኦርካ፣ ማለትም ከዶልፊን ቤተሰብ የሆነው ጥቁርና ነጭ ትልቅ የባሕር እንስሳ፣ በቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መዋኘት ይችላል። ለሰው ትርኢት በሚያዝበት ገንዳ ውስጥ ግን ጅራቱን ጥቂት ጊዜ እንዳወዛወዘ ግድግዳው ጋ ይደርሳል። ከዚያ መዞር፣ እንደገና መዞር። የሲሚንቶውን ጠርዝና የብረቱን በር ሲያኝኩ ጥርሳቸው ያለቀ ብዙ ናቸው። የወንዶቹ የጀርባ ክንፍም ወደ ጎን ይተኛል። ይህን በቅርብ ላየ ሰው ማጨብጨብ ይከብዳል።

ሁለተኛው አማራጭ የባሕር ወሽመጥን በመረብ አጥሮ እዚያ ማኖር ነው። ማዕበል አለ፣ ጥልቀት አለ፣ ከመረቡ ማዶ የሚያልፍ ዓሣ አለ። ምግብና ሕክምናም አይቋረጥም።

እውነቱን ለመናገር ይሄኛውም ቀላል አይደለም። ኬይኮ የተባለው ኦርካ እ.ኤ.አ. በ1979 አይስላንድ አካባቢ ገና ሕፃን ሳለ ተያዘ። በ1998 ወደዚያው ባሕር ተመለሰ፤ መጀመሪያ በመረብ ውስጥ፣ ኋላም ነጻ ሆኖ። በ2002 እስከ ኖርዌይ ዋኘ። እዚያም ግን ሰው ፍለጋ ወደ ጀልባዎች ይጠጋ ነበር። ከዱር ኦርካዎች ጋር በቅጡ ሳይላመድ በ2003 ሞተ። ልጅነቱን የወሰድንበት እኛ ነን፤ መመለስ ግን አልቻልንም።

ገንዳ ለቆሰለ እንስሳ ማገገሚያ ይሆናል፣ ሐኪሙም ቅርብ ነው። ይህን አልክድም። ለዕድሜ ልክ መኖሪያ ግን የታጠረው ባሕር በብዙ ይሻላል። ካናዳ በ2019 ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ለመዝናኛ መያዝንና ማራባትን በሕግ ከልክላለች። እኔም መራባቱ ይቁም ባይ ነኝ። አሁን ገንዳ ውስጥ ላሉት ደግሞ ወሽመጡ ይዘጋጅላቸው።