ለኬጂ መምህር የቱ ስልጠና ይሻላል? ዲፕሎማ፣ ሞንተሶሪ፣ ኦንላይን እና ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ኮቺንግ ጎን ለጎን

ክረምት ሲቃረብ ሁሌ ያው ጥያቄ ይመጣል። ዘንድሮም እዚህ ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የሚያስተምሩ ሦስት ልጆች በየተራ ደውለው "ሚስ፣ ትንሽ ብር አጠራቅሜአለሁ፣ የቱን ልማርበት?" አሉኝ፣ ለሦስቱም ለየብቻ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ሌላውም ያንብበው ብዬ ነው። ድሬዳዋ ኬጂ ሳስተምር 11 ዓመት ሆነኝ፣ ከታች የማነሳቸውን ሁሉ በተለያየ ጊዜ አልፌባቸዋለሁ፣ ብዙ ብር አውጥቼ ምንም ያልጨመረልኝ አለ፣ ሳንቲም ሳላወጣ አስተማሪነቴን የቀየረውም አለ። አንቺ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ድሬ ላይ አንቱ መባባል ብዙም የለም፣ ወንድ የኬጂ መምህራን ደሞ እናንተንም ነው የማወራው።

ብር ከመክፈልሽ በፊት አንድ ነገር ለራስሽ መልሺ። የጎደለሽ ወረቀት ነው ወይስ ችሎታ? ወረቀት የሚሰጥሽ ቦታ ሁሉ ችሎታ አይሰጥም፣ ችሎታ የሚሰጥሽ ነገር ደሞ ብዙ ጊዜ ወረቀት የለውም። ብዙ ሰው ሲከስር ያየሁት ሁለቱን ሲያምታታ ነው፣ 40 ልጅ ክፍል ውስጥ አልያዝ ሲለው ሄዶ ሰርተፍኬት ይገዛል፣ ወይ ደሞ ለቅጥር ዲፕሎማ ሲጠየቅ የ2 ሳምንት ኮርስ ይዞ ይቀርባል።

ዲፕሎማና ዲግሪ

ኮሌጅ ገብቶ በቅድመ መደበኛ ትምህርት ዲፕሎማ መያዝ፣ ከዛም ከቻልሽ ዲግሪ። ወረቀት ነው የጎደለኝ ካልሽ መልሱ ይሄ ብቻ ነው፣ ሌላውን ሁሉ እርሺው። በ1986ቱ ፖሊሲ ጊዜ ኬጂ በአብዛኛው ለግል፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለማህበረሰብ የተተወ ነበር፣ መንግስት በደንብ እጁን ያስገባው የ2002ቱ የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ ወጥቶ ኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የአንድ ዓመት ክፍል) ከተከፈተ ወዲህ ነው፣ ለዛ ነው ከኛ ዘመን መምህራን ብዙዎቻችን "ልጅ ትወዳለች" ተብለን ብቻ የገባነው። አሁን እንደዛ አይቀጥልም፣ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን የ2 ዓመት እርከን አድርጎታል፣ እርከን ከሆነ ደሞ ውሎ አድሮ አስተማሪው ላይ ወረቀት መጠየቁ አይቀርም ብዬ ነው የማስበው።

ጥሩው ነገር ወረቀቱ ከከተማ ከተማ፣ ከግል ወደ መንግስት ይዞሽ ይሄዳል። የልጅ እድገት የሚባለውንም ስርዓት ባለው መንገድ ትማሪያለሽ፣ የ4 ዓመት ልጅ ለምን እቃውን ለጓደኛው ማካፈል እንደሚከብደው ሲገባሽ ልጁን መቆጣት ትተያለሽ። መጥፎው ረጅም ነው፣ እየሰራሽ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ ስትማሪ ያደክማል፣ የተግባር ልምምዱም በጣም አጭር ነው። የግል ኮሌጅ ከሆነ ከመመዝገብሽ በፊት ዕውቅናውን አጣሪ፣ ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለዛ ካምፓስና ለዛ የትምህርት ዘርፍ ነው፣ አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ዕውቅና አለው ማለት ድሬ ያለው አለው ማለት አይደለም። "ዕውቅና አለን" ሲሉሽ "ለዚህ ዘርፍ፣ ለዚህ ካምፓስ፣ ደብዳቤውን አሳዩኝ" በይ።

ሞንተሶሪ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ብር የሚሄደው እዚህ ነው።

ማሪያ ሞንተሶሪ ጣሊያናዊት ሐኪም ነበረች፣ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ የሚባል የድሃ ሰፈር ላይ የመጀመሪያውን የልጆች ቤት ከፈተች። ዘዴዋ ድንቅ ነው፣ እቃው ራሱ ልጁን ያርመዋል፣ አስተማሪዋ ብዙ አታወራም። ችግሩ ስሙ ላይ ነው፣ ሞንተሶሪ የሚለው ስም ባለቤት ያለው የንግድ ምልክት ስላልሆነ ማንም ተነስቶ በሩ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። ራሷ በ1929 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው ኤ ኤም አይ የሚባል ዓለም አቀፍ ማህበር አለ፣ አሜሪካኖቹ ደሞ በ1960 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ኤ ኤም ኤስ አለ፣ የነዚህ ዲፕሎማ ወራት የሚፈጅ፣ ልጆችን ቁጭ ብሎ መመልከትና በአሰልጣኝ ፊት ማስተማር ያለበት ነው። የኛ ከተማ የ2 ሳምንቱም ሞንተሶሪ ይባላል። ሁለቱ በስም እንጂ በሌላ አይገናኙም።

እኔ ከዛሬ 6 ዓመት በፊት የሁለት ወር ደሞዜን ከፍዬ ነው አንዱን የተማርኩት፣ የማንን እንደሆነ አልጠራም። 12 ቀን ፕሮጀክተር ላይ ስዕል አየን። ፒንክ ታወር የሚባሉትን ከ1 ሴንቲ እስከ 10 ሴንቲ የሚሄዱ 10 ኪዩቦች ስማቸውን ሸመደድን፣ አንዱንም በእጃችን አልነካንም፣ አንድም ልጅ ክፍሉ ውስጥ አልገባም። በመጨረሻው ቀን ጋዋን ለብሰን ፎቶ ተነሳን። መስከረም ላይ ክፍሌ ስገባ ያው ነበርኩ፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ዘዴውን ያየሁት በኋላ ሐረር ጀጎል አካባቢ የምታስተምር ጓደኛዬ ጋ ስሄድ ነው። ከብርጭቆ ወረቀት ፊደል ቆርጣ ካርቶን ላይ ለጥፋለች፣ የ5 ዓመት ልጅ ሁለት ጣቱን "ለ" ላይ እያስሄደ ድምፁን ይላል፣ መስመሩን ሲስት ጣቱ ለስላሳው ካርቶን ላይ ይወድቅና ራሱ ይመለሳል፣ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ምንም አላለችም። ድሬ ተመልሼ ብርጭቆ ወረቀቱ ስለተወደደብኝ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አምጥቼ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ኮላ በተቀባ ካርቶን ላይ በተንኩት። ለ ን ገልብጦ የሚጽፍ ልጅ ነበረኝ፣ በሳምንቱ መገልበጡን አቆመ።

ስለዚህ ሞንተሶሪ የሚል ማስታወቂያ ስታዪ ዲፕሎማው የማን እንደሆነ፣ እቃውን በእጅሽ ስንት ሰዓት እንደምትሰሪበት፣ ከልጆች ጋር ስንት ቀን እንደምትውዪ ጠይቂ። ሌላ ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ ደሞ አለ፣ ስለ ፊደል። ከውጭ የሚመጣው እቃ በ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ የኛ ፊደል በ33 ዘር 7 ቤት ሲባዛ 231 ነው፣ በየትኛው ተጀምሮ እንዴት እንደሚሄድ አሰልጣኙ ያሰበበት መሆን አለበት። ኦሮምኛና ሶማልኛ በላቲን ስለሚጻፉ እዛ እቃው ይጠቅማል ትያለሽ፣ ግን ኤክስ የምትባለዋ ፊደል በቁቤ "ጠ" ናት፣ በሶማልኛ "ሐ" ናት፣ በእንግሊዝኛ "ክስ" ናት፣ ድሬ ውስጥ ደሞ እነዚህ ሦስት ቋንቋዎች አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ይሄን ስትጠይቂው የሚደናገር አሰልጣኝ ለኛ ከተማ አልተዘጋጀም ማለት ነው።

ኦንላይን

አጭር ነው የምለው። ኦፕንለርን የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ስለ ህጻናት ትምህርት የሚያስተምራቸው ኮርሶች በነጻ ናቸው፣ ስትጨርሺ የተሳትፎ ወረቀቱም በነጻ ነው። አሊሰን የሚባለው ድረ ገጽ ላይ መማሩ ነጻ ነው፣ ሰርተፍኬቱን ለማውረድ ግን ያስከፍላል፣ ኮርሴራም ሰርተፍኬቱ በክፍያ ነው፣ ክፍያው ደሞ በዶላር ካርድ ስለሆነ ለብዙዎቻችን ዝግ በር ነው። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ከሆነና ዋይፋይ ካገኘሽ ለእውቀት ያህል ተማሪ። ምሳሌዎቹ ግን 12 ልጅና 2 ረዳት ያለበት ክፍል ናቸው፣ አንቺ 40 ልጅ ይዘሽ በሰኔ ሙቀት ብቻሽን ነሽ። ቴሌግራም ላይ "በ3 ቀን ኢንተርናሽናል ሰርተፍኬት" እያሉ የሚሸጡትን በጭራሽ አትክፈዪ።

የሁለት ቀን ወርክሾፕ ደሞ አበል ካለው ሂጂ፣ ከራስሽ ኪስ ግን አታውጪበት። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳዩት ነገር ነው፣ መምህር አዳራሽ ውስጥ የሰማው ብቻውን ክፍል ድረስ አይደርስም፣ የሚደርሰው ክፍሉ ድረስ የሚከታተለው ሰው ሲኖር ነው።

ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ኮቺንግ

እኔን የቀየረኝ ይሄ ነው። በ4ኛ ዓመቴ ርዕሰ መምህራችን አንዲት ጡረታ የወጣች መምህር ለመነችልን፣ በሳምንት አንድ ቀን መጥታ ከኋላ በልጆች ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች፣ ደብተር ይዛ። የመጀመሪያ ቀን 20 ደቂቃ ካየችኝ በኋላ በእረፍት ሰዓት ጠርታ ደብተሯን አሳየችኝ። "31 ጥያቄ ጠየቅሽ" አለችኝ፣ "29ኙን ልጆቹ አንድ ላይ ጮኸው ነው የመለሱት። በሩ ጋ ያለው ልጅ አንዴም አፉን አልከፈተም።" ሌላ ምንም አላለችም፣ ጥሩ ነሽ መጥፎ ነሽ የለም። እኔ የዛን ቀን ክፍሌ እንዴት ደምቋል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።

ልጁ ቤቱ ሶማልኛ ነው የሚናገሩት። በነጋታው የውሃ ጆግ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከጎኑ ቁጢጥ ብዬ "እናንተ ቤት ይሄ ምን ይባላል?" አልኩትና ዝም አልኩ፣ ቆጥሬ እስከ አስር ዝም በይ ብላኝ ስለነበር። ሰባት ላይ ስደርስ "ቢዮ" አለ። አጠገቡ ያለችው ልጅ "እኛ ቤት ቢሻን ነው!" አለች፣ ሌላዋ "ውሃ!"። ከመስከረም እስከ ታህሳስ የዛን ልጅ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በሳምንቱ ስትመጣ ደብተሯ ላይ የጥያቄዬ ቁጥር ወደ 14 ወርዶ ነበር፣ የሚመልሱት ልጆች ግን በዝተው ነበር።

አሰራሩ ይሄው ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ትመርጣላችሁ፣ ኮቿ ታይሻለች፣ የዛኑ ቀን ታወሩበታላችሁ፣ ትሞክሪዋለሽ፣ ተመልሳ ታያለች። ተሙማ (ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) በሚባለው ፕሮግራም እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲሰራ መመሪያው ይላል፣ አዲስ መምህር ደሞ ከሜንተር ጋር የሙያ ትውውቅ አለው፣ በወረቀት ሲታይ ቦታው ተዘጋጅቷል ማለት ነው። በተግባር ግን ብዙ ቦታ ማህደረ ተግባር መሙላት ሆኖ ቀርቷል፣ ሰኔ ላይ ሁሉም ተቀምጦ ቅጽ ይገለብጣል። ሌላው ድክመቱ የምታይሽ ሴት ነጥብ የምትሰጥሽ ከሆነች ነገሩ አይሰራም፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ልጆቹን አስቀድመን እንደምናለማምደው ማለቴ ነው። ወረቀት ደሞ አይሰጥም፣ ሥራ ልቀይር ስትዪ ማንም "ኮች ነበረኝ" የሚለውን አይቆጥርልሽም።

ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው እንግዲህ፣ በብር ኮቺንግ ከሁሉም ይረክሳል፣ ቀጥሎ ኦንላይን፣ ዲፕሎማው ውድ ቢሆንም በዓመታት ተከፋፍሎ ነው የሚወጣው፣ ሞንተሶሪ ግን በአንዴ ነው ብሩን የሚወስደው። በወረቀት ዲፕሎማ ብቻውን ነው፣ ትክክለኛው የሞንተሶሪ ዲፕሎማ የግል ኬጂዎች ጋ ደሞዝ ለመደራደር ይረዳሻል፣ የሌላው ወረቀት ግድግዳ ላይ ነው የሚቀረው። ሰኞ ጠዋት ክፍልሽ ውስጥ ለውጥ የሚያሳይሽ ግን ኮቺንግ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ በእጅ የተሰራበት ሞንተሶሪ። አንድ ነገር ደሞ አትርሺ፣ ክረምት ላይ ኬጂ ዝግ ነው፣ ስለዚህ "ክረምቱን በተግባር እናሰለጥናለን" የሚልሽን ሰው ልጆቹ ከየት እንደሚመጡ ጠይቂው።

ለሦስቱ ልጆች ያልኳቸው ይሄን ነው። የመጀመሪያዋ ወረቀት የላትም፣ የመንግስት ቅጥር ትፈልጋለች፣ ብሯን ለዲፕሎማ ምዝገባ አስቀምጪው አልኳት። ሁለተኛዋ ዲፕሎማ አላት፣ ከዚራ ሰፈር ያለ ኬጂ የሞንተሶሪ ክፍል ሊከፍት ነውና እሷን ሊመድባት ነው፣ ትምህርት ቤቱ ግማሹን ካልከፈለልሽ አትጀምሪ፣ ከጀመርሽም እቃ በእጅሽ የሚሰጥሽን ምረጪ፣ እስከዛ ሐረር ሄደሽ ጓደኛዬ ክፍል ሁለት ቀን ቁጭ በይ አልኳት፣ መኪናው ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው።

ሦስተኛዋ ወረቀትም አላት፣ ጎበዝም ናት፣ ግን ክፍሏ ውስጥ የሚያያት ሰው የለም፣ ደክሟት ሥራውን ልትተው ነው። እሷን ምንም አትክፈዪ አልኳት። ከጎን ክፍል ካለችው መምህር ጋር ተስማሙ፣ ርዕሰ መምህሩንና ወላጆችን አስፈቅዳችሁ፣ በየሳምንቱ ሐሙስ ስልክ መደርደሪያ ላይ አቁማችሁ 15 ደቂቃ ቅረጹ፣ አርብ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ አብራችሁ እዩት፣ ስታዩ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፣ ዛሬ ድምፁን ያልሰማነው ልጅ ማነው? ከዛ ቪዲዮውን አጥፉት፣ የልጆች ምስል የትም አይለቀቅም። ባለፈው አርብ ደውላልኝ ነበር። ሦስት ልጆች አግኝታለች፣ አንዷ ከፊት ለፊቷ የምትቀመጥ ናት።